የሎው ስኩል ማመልከቻ ክፍያ ዌቨር፦ እንዴት ይገኛል? እንዴትስ ሳይጠፋ ይያዛል?

አሜሪካ ውስጥ ሎው ስኩል (የሕግ ትምህርት ቤት) ማመልከት ኪስ ይጎዳል። ገንዘቡ ደግሞ በአንድ ጊዜ አይወጣም፤ ጠብ ጠብ እያለ ነው የሚያልቀው። የመግቢያ ፈተናው ኤልሳት ከ200 ዶላር በላይ ነው። ትራንስክሪፕትና የድጋፍ ደብዳቤ ሰብስቦ ለትምህርት ቤቶች የሚልከው ካስ የሚባል አገልግሎት አለ፤ የእሱም ምዝገባ ከ200 ዶላር በላይ ነው። ከዚያ ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት የሚላከው የካስ ሪፖርት 45 ዶላር ገደማ ያስከፍላል። በዚህ ላይ ትምህርት ቤቱ ራሱ የማመልከቻ ክፍያ ይጠይቃል። ጭራሽ የማይጠይቁ አሉ፤ ታዋቂዎቹ ግን 85 ዶላር አካባቢ ናቸው።

እስቲ እናስላው። 12 ትምህርት ቤት አመለከታችሁ እንበል። የማመልከቻ ክፍያው በአማካይ 75 ዶላር ቢሆን 900 ዶላር ነው። የካስ ሪፖርቱ ደግሞ 540 ዶላር። ድምሩ 1,440 ዶላር መጣ፤ ያውም ፈተናውና ምዝገባው ሳይጨመር።

ከዚህ ውስጥ 900ው ዶላር ብዙውን ጊዜ ሊቀር ይችላል። ትምህርት ቤቶቹ ከማመልከቻ ክፍያ ነፃ የሚያደርግ ዌቨር ይሰጣሉ፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም ሳይጠየቁ ይልካሉ። ችግሩ ዌቨሩ የሚመጣው በየአቅጣጫው መሆኑ ነው። አንዱ በኢሜይል ይመጣል፣ አንዱ ምንም ሳይነገራችሁ አካውንታችሁ ላይ ይቀመጣል፣ አንዱ በኮድ ነው፣ አንዱ ዲሴምበር ላይ ይሞታል። ሰው ዌቨር እያለው ከኪሱ የሚከፍለው ለዚህ ነው። ስለዚህ ከማግኘቱ ይልቅ አያያዙ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው ግልጽ ይሁን። ይህ ጽሑፍ የሚያወራው ስለ ጄዲ፣ ማለትም ስለ ዋናው የአሜሪካ የሕግ ዲግሪ ነው። እኛ አገር ሕግ በመጀመሪያ ዲግሪ ይማሩታል፤ አሜሪካ ግን ሎው ስኩል የሚገባው የመጀመሪያ ዲግሪ ከያዙ በኋላ ነው። አገር ቤት ኤልኤልቢ ይዛችሁ ለኤልኤልኤም (ለሕግ ማስተርስ) የምታመለክቱ ከሆነ የዌቨሩ ደንብ ይለያል፤ ከታች ያለው የአያያዝ ዘዴ ግን ለእናንተም ይሠራል።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ የኤልሳክን ዌቨር ጠይቁ

ኤልሳክ ኤልሳትን የሚያዘጋጀውና አብዛኞቹ ማመልከቻዎች የሚያልፉበትን ድረ ገጽ የሚያስተዳድረው ድርጅት ነው። የእሱ ዌቨር በገቢ ላይ የተመሠረተ ሲሆን ሁለት እርከን አለው። በመጀመሪያው እርከን ያለፈ ሰው ሁለት ጊዜ ኤልሳት በነፃ ይፈተናል፤ የካስ ምዝገባና ስድስት የካስ ሪፖርትም ያገኛል። በሁለተኛው እርከን ያለፈ አንድ ኤልሳት፣ የካስ ምዝገባና ሦስት ሪፖርት ይሰጠዋል። ላውሃብ አድቫንቴጅ የሚባለው የልምምድ ፈተና ጥቅል በሁለቱም ውስጥ ለአንድ ዓመት ተካቷል። ዌቨሩ ከጸደቀበት ቀን ጀምሮ ለሁለት ዓመት ያገለግላል።

ዋናው ጥቅሙ ግን ሌላ ነው። ብዙ ሎው ስኩሎች የኤልሳክ ዌቨር የያዘን አመልካች ከራሳቸው የማመልከቻ ክፍያም ነፃ ያደርጉታል። አንድ ቅጽ ሞልታችሁ የብዙ ቦታ በር ተከፈተላችሁ ማለት ነው። "ብዙ" አልኩ እንጂ "ሁሉም" አላልኩም።

የሚታየው የገቢያችሁ መጠንና የቤተሰባችሁ ብዛት ነው፤ ከፌዴራሉ የድህነት መለኪያ ጋር ይነጻጸራል። የታክስ ሪተርን ይጠየቃል። ወላጆቻችሁ በታክሳቸው ላይ እንደ ጥገኛ አስመዝግበዋችሁ ከሆነ የእነሱም ወረቀት ሊጠየቅ ስለሚችል አባዬን ወይም እማዬን ቀደም ብላችሁ አናግሩ። ብዙ ቤት ውስጥ የታክስ ወረቀት ማስወጣት ከፈተናው ይከብዳል። የአሜሪካ ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሰው መጠየቅ ይችላል። በዲቪ የመጣ ሰው ዜግነት እስኪያገኝ መጠበቅ የለበትም ማለት ነው። ሌላ ዓይነት የመኖሪያ ወረቀት ያላችሁም ተስፋ ከመቁረጣችሁ በፊት የኤልሳክን የብቁነት ዝርዝር አንብቡ።

ኤልሳክ አስቀድማችሁ የከፈላችሁትን ገንዘብ አይመልስም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ አይዛባ፤ መጀመሪያ ዌቨር፣ ከዚያ የኤልሳት ምዝገባ። ለፈተናው ከመመዝገባችሁ ከአንድ ወር በላይ ቀደም ብላችሁ ጠይቁ። ከተከለከላችሁ ይግባኝ ማለት ይቻላል። ይግባኙ ባይሳካም ትምህርት ቤቶቹ የራሳቸው መመዘኛ ስላላቸው ነገሩ እዚያ ላይ አያበቃም።

ቅጹን ስትሞሉ እውነቱን ብቻ ጻፉ። ሎው ስኩልም ሆነ ወደፊት የጥብቅና ፈቃድ የሚሰጠው ቦርድ ጸባያችሁን ይመረምራሉ። ለ85 ዶላር ተብሎ ገቢ መደበቅ ከዓመታት በኋላ የሚከፈል ዕዳ መግባት ነው።

ደረጃ 2፦ ዌቨሩ በየት በየት እንደሚመጣ እወቁ

ከኤልሳኩ ውጭ ያሉት መንገዶች እነዚህ ናቸው።

በውጤት የሚመጣው አንዱ ነው። የኤልሳክ አካውንታችሁ ውስጥ ካንዲዴት ሪፈራል ሰርቪስ የሚባል አገልግሎት አለ። ምዝገባው ነፃ ነው። ትምህርት ቤቶች በኤልሳት ውጤት፣ በጂፒኤ፣ በምትኖሩበት ቦታና በመሳሰሉት እየፈለጉ ኢሜይል ይልካሉ፤ ኢሜይሉ ውስጥ ብዙ ጊዜ ዌቨር አለ። ይህን አገልግሎት የኤልሳት ውጤት ከመውጣቱ በፊት አብሩት። ውጤት በወጣ ሰሞን ነው ኢሜይሉ የሚዘንበው።

ሁለተኛው በመገኘት የሚገኘው ነው። ኤልሳክ በየዓመቱ በትልልቅ ከተሞች የሎው ስኩል ፎረም ያዘጋጃል፤ ዋሽንግተን ዲሲ አንዷ ናት። መግቢያው ነፃ ነው። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ ልጆች ይህን አለመጠቀም ግፍ ነው። በየጠረጴዛው እየዞራችሁ "ዛሬ ለመጣ ሰው ዌቨር አላችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ። በኦንላይን ገለጻ ላይ ለተገኙ ወይም ግቢውን ለጎበኙ የሚሰጡም አሉ።

ሦስተኛው በአገልግሎት ነው። በውትድርና ያገለገሉ፣ በአሜሪኮርፕስ፣ በፒስ ኮርፕስ ወይም በቲች ፎር አሜሪካ በሚባሉት የአገልግሎት ፕሮግራሞች የሠሩ ሰዎችን ነፃ የሚያደርጉ ትምህርት ቤቶች አሉ። የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን እዚያው ዩኒቨርሲቲ የሠሩትን ነፃ የሚያደርጉም እንዲሁ።

አራተኛው ትምህርት ቤቱ ራሱ በችግር ምክንያት የሚሰጠው ነው። ስማቸው የገነነው ትምህርት ቤቶች በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው የሚሰጡት፤ ቅጽ አላቸው፣ ማስረጃ ይጠይቃሉ፣ ማመልከቻው ከመላኩ በፊት መጠየቅ እንዳለበትም ይናገራሉ።

አምስተኛው በግልጽ መጠየቅ ነው። እሱ ለብቻው ይመጣል።

ለምንድን ነው ግን ይህን ያህል ገንዘብ የሚተዉት? ቸርነት ብቻ አይደለም። ብዙ ሰው ባመለከተ ቁጥር ትምህርት ቤቱ የሚቀበለው ሰው መቶኛ ይቀንሳል፤ ይህ ቁጥር ደግሞ በደረጃ ምደባ ላይ ይቆጠራል። ስለዚህ ዌቨር ስለመጣላችሁ "ፈልገውኛል፣ ገባሁ" ብላችሁ አትደምድሙ። ዌቨር ልኮ ማመልከቻውን ውድቅ የሚያደርግ ትምህርት ቤት ሞልቷል።

ደረጃ 3፦ ኢሜይሉን አደራጁ

ለማመልከቻ ብቻ የሚሆን አዲስ ኢሜይል ክፈቱ። የኤልሳክ አካውንታችሁንም በእሱ አስመዝግቡ። ይህ ኢሜይል ለፌስቡክም፣ ለዕቃ ግዢም፣ ለምንም አይዋል።

ጂሜይል ከሆነ የሚለያቸው ፊልተር ሥሩ። ርዕሱ ወይም ውስጡ "ፊ ዌቨር"፣ "ዌቭድ" ወይም "አፕሊኬሽን ፊ" የሚል ነገር ያለበት ሁሉ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል መጻፉን እንዳትረሱ፣ አንድ ሌብል ውስጥ ይግባ። "ስፓም ውስጥ በጭራሽ አይግባ" የሚለውንም ምረጡ። ከትምህርት ቤት የሚመጣ የዌቨር ኢሜይል መልኩ ማስታወቂያ ስለሚመስል ጂሜይል ወደ ፕሮሞሽን ይወረውረዋል። በሳምንት አንድ ቀን ፕሮሞሽኑንም ስፓሙንም በእጃችሁ አገላብጡ።

ኢሜይሉን እስከ መጨረሻው መስመር አንብቡት። ከላይ "እንኳን ደስ ያላችሁ፣ ክፍያው ቀርቶላችኋል" ይላል። ታች በትናንሽ ፊደል ደግሞ "እስከ ኖቬምበር 15 ለሚላኩ ማመልከቻዎች ብቻ" ይላል። ከሁለቱ የሚያስፈልጋችሁ ታችኛው ነው።

አንድ ጥንቃቄ። ዌቨር የሚሸጥ የለም። "ይህን ያህል ላክና ኮድ እሰጥሃለሁ" የሚል ሰው ቴሌግራም ላይ ካገኛችሁ እለፉት። የኤልሳክ የይለፍ ቃላችሁንም ሆነ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥራችሁን በኢሜይል የሚጠይቅ እውነተኛ የቅበላ ቢሮ የለም።

ደረጃ 4፦ አንድ ሺት፣ አንድ ቦታ

የሥራው ልብ ይህ ነው። ጉግል ሺት ክፈቱ። ስልክ ላይም ኮምፒውተር ላይም ስለሚታይ ይመቻል። ደብተር የምትወዱ ካላችሁ ደብተርም ይሆናል፤ ኮድ ከደብተር መገልበጥ ግን ለስህተት ይዳርጋል።

ለአንድ ትምህርት ቤት አንድ ረድፍ። አንድ ረድፍ ቀረብ ብለን እንየው። ትምህርት ቤቱን "ሀ" እንበለው።

መደበኛ ክፍያ፦ 70 ዶላር
መንገዱ፦ የኦንላይን ገለጻ ላይ ስለተገኘሁ
አሠራሩ፦ በኮድ
ኮዱ፦ ከኢሜይሉ ላይ እንዳለ ተገልብጦ የተለጠፈ
የደረሰኝ ቀን፦ ኦክቶበር 9
የሚያበቃበት ቀን፦ ዲሴምበር 1
ቅድመ ሁኔታ፦ ማመልከቻው እስከዚያ ቀን መላክ አለበት፤ መጀመር ብቻ አይበቃም
የካስ ሪፖርት ይሸፍናል?፦ አይሸፍንም፣ 45 ዶላር ከእኔ
ማስረጃ፦ ኢሜይሉ በፒዲኤፍ ተቀምጧል
ሁኔታ፦ በእጅ አለ
በመጨረሻ የከፈልኩት፦ ገና

"አሠራሩ" የሚለውን ዓምድ ሰው ይዘለዋል፤ አትዝለሉት። ዌቨር ወደ ማመልከቻው የሚገባው በተለያየ መንገድ ነው። በኮድ የሚሠራ አለ፤ እናንተ ካልጻፋችሁት የለም። በኤልሳክ ቁጥራችሁ ላይ የሚጫን አለ፤ ቁጥሩ በኤል ፊደል ጀምሮ ስምንት አሃዝ ያለው ነው፣ ክፍያ ገጹ ላይ ራሱ ይቀንሳል። ለሁሉም አመልካች የቀረ ክፍያም አለ፤ ምንም ማድረግ አያስፈልግም። የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ ክፍያ ገጹ ላይ ከደረሳችሁ፣ የሌለ ኮድ ስትፈልጉ ወይም ያለውን ሳትጽፉ ትከፍላላችሁ።

"የካስ ሪፖርት ይሸፍናል?" የሚለውም እንዲሁ። የትምህርት ቤቱ ዌቨር የሚያነሳው የትምህርት ቤቱን ክፍያ ነው። 45ቱ ዶላር የኤልሳክ ስለሆነ በቦታው ይቆያል። እሱንም የሚሸፍኑ ጥቂት ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ሲሸፍኑ በኢሜይላቸው ላይ በግልጽ ይጽፉታል። ካልተጻፈ የለም ብላችሁ ያዙት። የኤልሳክ ዌቨር ካላችሁ ደግሞ ከሺቱ አናት ላይ የቀሩትን ነፃ ሪፖርቶች ቁጥር ጻፉ፤ አንድ ማመልከቻ በላካችሁ ቁጥር ቀንሱ። ስድስት ነፃ ሪፖርት ያለው ሰው ሰባተኛው ላይ 45 ዶላር ሲጠየቅ ዌቨሩ የተበላሸ ይመስለዋል። አልተበላሸም፣ አልቋል።

"ሁኔታ" የሚለው ዓምድ ውስጥ ያሻችሁን አትጻፉ። ጥቂት ቃላት ብቻ ምረጡና በእነሱ ተወሰኑ፦ አልተጠየቀም፣ ተጠይቋል፣ ቃል ተገብቷል፣ በእጅ አለ፣ ዜሮ ታይቷል፣ ተልኳል፣ ተከልክሏል፣ አላመለክትም። "ቃል ተገብቷል" እና "በእጅ አለ" አንድ አይደሉም። ፎረም ላይ ያገኛችኋት ሴትዮ "ኢሜይል እናደርግላችኋለን" ካለች ያ ቃል ነው። ኢሜይሉ ሲመጣ ነው በእጅ የሚሆነው። "በእጅ አለ" እና "ዜሮ ታይቷል"ም አንድ አይደሉም፤ ኮድ ይዞ ኮዱ የማይሠራበት ሰው አለ። እኔ የክፍያ ገጹ ላይ በዓይኔ ካላየሁ ዌቨር አለኝ አልልም።

ቀን ስትጽፉ የወሩን ስም ጻፉ። አሜሪካኖች ወሩን ያስቀድማሉ፣ እኛ ቀኑን። 11/1 ብሎ የተጻፈ ነገር ለእነሱ ኖቬምበር 1 ነው፤ በእኛ አጻጻፍ ለለመደ ዓይን ጃንዋሪ 11 ይሆናል። ዌቨሩ ከሁለት ወር በላይ ሞቶ ከቆየ በኋላ ነው ትዝ የሚላችሁ።

ደረጃ 5፦ ይሉኝታን ትታችሁ ጠይቁ

ዌቨር ያልመጣበትን ረድፍ ሁሉ አንድ በአንድ ያዙ። መጀመሪያ የትምህርት ቤቱን የቅበላ ገጽ አንብቡ፤ መልሱ ብዙ ጊዜ እዚያው ተጽፏል። ቅጽ ካለ ቅጹን ሙሉ። ቅጽ ከሌለ ለቅበላ ቢሮው ኢሜይል ጻፉ።

እዚህ ላይ እኛን የሚይዘን ይሉኝታ ነው። "ገና ሳልገባ ገንዘብ የለኝም ብል ምን ይሉኛል?" ይላል ሰው። ምንም አይሉም። የቅበላ ቢሮ ሠራተኞች ይህን ጥያቄ በየቀኑ ያዩታል፤ ለእነሱ ተራ ሥራ ነው። መጥፎው መልስ "አንሰጥም" ነው፤ እሱ ሲመጣ ደግሞ ከነበራችሁበት አልተነቃነቃችሁም።

ኢሜይሉ አጭር ይሁን። በእንግሊዝኛ ስትጽፉት ሐሳቡ ይህን ይምሰል፦

"ጤና ይስጥልኝ። በዚህ ዙር ለጄዲ ፕሮግራማችሁ ለማመልከት እየተዘጋጀሁ ነው። በተለይ የስደተኞች ሕግ ክሊኒካችሁ ስቦኛል። የማመልከቻ ክፍያው ለእኔ ከባድ ነው፤ የሙሉ ጊዜ ሥራ እየሠራሁ ቤተሰቤን እረዳለሁ። ከክፍያ ነፃ የሚያደርግ ዕድል ካላችሁ እንዴት ልጠይቅ? የኤልሳክ ቁጥሬ ይህ ነው። አመሰግናለሁ።"

በቃ። ሦስት ገጽ የሕይወት ታሪክ አያስፈልግም፤ እሱ ለፐርሰናል ስቴትመንቱ፣ ስለ ራሳችሁ ለምትጽፉት ድርሰት፣ ይቀመጥ። ክሊኒኩ፣ ማለትም ተማሪዎች በእውነተኛ የሕግ ጉዳይ የሚለማመዱበት ክፍል፣ ግን በእርግጥ ያለ መሆኑን አረጋግጡ፤ የሌለ ክሊኒክ ወድጃለሁ ማለት ያሳፍራል። ወደ አገር ቤት በየወሩ የምትልኩት ገንዘብ ካለ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጥቀሱት። የታክስ ወረቀቱ ላይ ስለማይታይ እናንተ ካልነገራችኋቸው አያውቁትም።

ኢሜይሉን በላካችሁበት ቀን ሺቱ ላይ "ተጠይቋል" በሉና ቀኑን አስገቡ። በሳምንት ውስጥ መልስ ካልመጣ አንድ ጊዜ አስታውሱ። ከዚያ በኋላ ስልክ መደወል ይሻላል፤ በስልክ ሁለት ደቂቃ የሚፈጀው ነገር በኢሜይል ሁለት ሳምንት ይንከባለላል። በስልክ "እሺ" ካሉ የተናገረውን ሰው ስም ጻፉና "ባወራነው መሠረት" ብላችሁ በኢሜይል አረጋግጡ።

ደረጃ 6፦ ክፍያ ገጹ ላይ

ማመልከቻው በኤልሳክ አካውንታችሁ በኩል ተሞልቶ፣ ሰነዶቹ ተያይዘው፣ እውነተኛነቱን አረጋግጣችሁ ከፈረማችሁ በኋላ ወደ ክፍያ ትሄዳላችሁ። እዚህ ፍጥነት አያስፈልግም። ሺቱን በአንድ መስኮት ክፈቱ፣ የክፍያ ገጹን በሌላ።

ኮድ ከሆነ ከሺቱ ገልብጣችሁ ለጥፉ፤ በእጅ አትጻፉት። ሲለጠፍ ከፊቱ ወይም ከኋላው ባዶ ቦታ አብሮ እንዳልገባ እዩ። ከዚያ ድምሩን ተመልከቱ።

ድምሩ 45 ዶላር ብቻ ቢል አትደንግጡ። ዌቨሩ ሠርቷል፤ የቀረው የካስ ሪፖርቱ ነው። ነፃ ሪፖርት ያላችሁ ግን ሙሉ ዜሮ ማየት አለባችሁ። የትምህርት ቤቱ ክፍያ እዚያው ተቀምጦ ካያችሁ ደግሞ ካርድ አታውጡ። መጀመሪያ እነዚህን አረጋግጡ። ቀኑ አልፎ ይሆን? የዜሮ ቁጥርና የኦ ፊደል ተምታተው ይሆን? የመረጣችሁት ፕሮግራም ትክክል ነው? ዌቨሩ ለቀኑ ፕሮግራም ሆኖ እናንተ የማታውን መርጣችሁ ወይም በኧርሊ ዲሲዥን (ከተቀበላችሁኝ እገባለሁ ብሎ ቀድሞ በማመልከት) ልታመለክቱ ሊሆን ይችላል። ዌቨሩ የመጣበት ኢሜይልና የኤልሳክ አካውንታችሁስ አንድ ናቸው?

ይህ ሁሉ ተፈትሾ ካልሠራ ስክሪንሾት አንሱና ለትምህርት ቤቱ ቅበላ ቢሮ ጻፉ። ክፍያውን ያነሳው ትምህርት ቤቱ ስለሆነ የሚያስተካክለውም እሱ ነው። የኤልሳክ ቁጥራችሁን፣ የመጀመሪያውን ኢሜይልና ስክሪንሾቱን በአንድ ላይ ላኩ። ለዚህ ነው ማስረጃው በፒዲኤፍ ይቀመጥ ያልኩት። ቢሮዎቹ ቅዳሜና እሁድ ዝግ ናቸው። ዓርብ ማታ የተበላሸ ኮድ እስከ ሰኞ የሚነካው የለም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ከመጨረሻው ቀን አንድ ሳምንት ቀድማችሁ ገጹ ላይ ድረሱ።

"ቆይ ልክፈልና በኋላ ያስመልሱልኛል" የሚለውን ሐሳብ እርሱት። ከተከፈለ በኋላ የመጣ ዌቨር በአብዛኛው ወደ ኋላ አይሠራም።

ደረጃ 7፦ ቀኑን ጠብቁ፣ ግን አትንቀርፈፉ

የሚያበቃበት ቀን ያለውን ዌቨር ሁሉ ስልካችሁ ካላንደር ላይ አስገቡ። ሁለት ማስታወሻ ይኑረው፦ አንዱ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ አንዱ ሦስት ቀን ሲቀረው። ሺቱንም በሚያበቃበት ቀን ቅደም ተከተል አሰልፉት፤ ቶሎ የሚሞተው ከላይ ይሁን።

ከአዲስ አበባ ሆናችሁ የምታመለክቱ ሰዓቱን ልብ በሉ። የምሥራቅ አሜሪካ የሌሊት 11፡59 በክረምታቸው ወቅት በእኛ አቆጣጠር በማግሥቱ ጠዋት 1፡59 ነው። ሰዓታቸውን ሲቀይሩ፣ ማለትም ከማርች እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ ባለው ጊዜ፣ ጠዋት 12፡59 ይሆናል። ካሊፎርኒያ ያለ ትምህርት ቤት በራሱ ሰዓት የሚቆጥር ከሆነ ደግሞ ሦስት ሰዓት ይጨመርበታል። ኢንተርኔቱም የራሱ ጸባይ አለው፤ ስለዚህ የእናንተ የመጨረሻ ቀን ከእነሱ አንድ ቀን ይቅደም።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ። ዌቨር ካልመጣ እስከ መቼ ይጠበቃል? አብዛኞቹ ሎው ስኩሎች ማመልከቻ መቀበል የሚጀምሩት በሴፕቴምበር፣ በእንቁጣጣሽ ሰሞን ነው። እንደደረሳቸውም እያዩ ይወስናሉ፤ ዘግይቶ የገባ ሰው ጥቂት በቀረ ቦታና በቀነሰ የስኮላርሺፕ ገንዘብ ይወዳደራል። የልባችሁ የሆነ ትምህርት ቤት ላይ 85 ዶላር ለማዳን አንድ ወር ሙሉ መቆየት አያዋጣም። የእኔ ልማድ ቢጠየቅ እንዲህ ነው፦ ማመልከቻው ዝግጁ በሆነበት ቀን እጠይቃለሁ፣ አስር ቀን እጠብቃለሁ፣ ካልመጣ ከፍዬ እልካለሁ። ለዝርዝሩ ግርጌ ትምህርት ቤቶች ግን እስከ ዲሴምበርም መጠበቅ ይቻላል። እነሱ ብዙ ጊዜ ራሳቸው ይልካሉ።

በተቃራኒው፣ ዌቨር መጣ ተብሎ ዝርዝሩ አይለጠጥ። ሠርግ ሁሉ መግቢያው ነፃ ነው፤ ሁሉም ሠርግ ላይ ግን አይኬድም። ያላሰባችሁት ከተማ ያለ፣ ቢቀበላችሁ የማትሄዱበት ትምህርት ቤት ዌቨር ቢልክም 45 ዶላሩና ተጨማሪ ድርሰቱ አሉ። እንዲህ ያለውን ረድፍ ከሺቱ አትሰርዙት፤ "አላመለክትም" በሉና ወደ ታች አውርዱት። ከሰረዛችሁት በሚቀጥለው ሳምንት ያው ኢሜይል ድጋሚ ሲመጣ እንደ አዲስ ታስቡበታላችሁ።

በሳምንት ሃያ ደቂቃ ይበቃል። እሁድ ማታ ቡና እየተጠጣ ይሠራል፦ የዌቨር ሌብሉን ክፈቱ፣ አዲስ የመጣውን ሺቱ ላይ አስገቡ፣ "ተጠይቋል" ላይ የቆሙትን አስታውሱ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ የሚያበቃውን ለሳምንቱ ሥራ ያዙ።

ከተላከ በኋላ

ማመልከቻው እንደተላከ የሚመጣውን ደረሰኝ በፒዲኤፍ አስቀምጡ። "በመጨረሻ የከፈልኩት" የሚለውን ዓምድ ሙሉ፤ ዜሮም ቢሆን ዜሮ ብላችሁ ጻፉ። ባንካችሁን ደግሞ በሳምንቱ እዩ። ዜሮ ያለ ገጽ ላይ የካርድ ክፍያ ከታየ ደረሰኙና ስክሪንሾቱ አሉና ወዲያው ጻፉ።

በዚህ ዙር ሳይሳካ ቀርቶ በሚቀጥለው ዓመት ድጋሚ የምታመለክቱ ከሆነ የትምህርት ቤቶቹ ዌቨር አብሯችሁ አይሻገርም ብላችሁ ተነሱ፤ እንደ አዲስ ጠይቁ። የኤልሳኩ ግን ሁለት ዓመቱ ካልሞላ ያልተጠቀማችሁበት ሪፖርት ሊኖር ስለሚችል አካውንታችሁን አይታችሁ አረጋግጡ።

ተቀባይነት ስታገኙ ደግሞ የመቀመጫ ማስያዣ ገንዘብ ይጠየቃል፤ የማመልከቻ ዌቨር እሱን አይነካም። ብዙ ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ነው፣ የሚከፈልበትም ቀን የተወሰነ ነው። ማራዘሚያ ወይም ቅናሽ የሚሰጡ ትምህርት ቤቶች ስላሉ በደረጃ 5 ባለው ኢሜይል ዓይነት ጠይቁ፤ ለመጠየቂያውና ለመክፈያው ቀንም እዚያው ሺት ላይ ሁለት ዓምድ ጨምሩ።